የሁምቦ ተራራ እንዴት መልሶ ለበሰ? ከካርቦን ገንዘቡ በፊት የቀደመው ነገር

 

ዛሬ ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም የምናወጋው። ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከቀበሌያችሁ በላይ ስላለው የወል ተራራ ነው፤ ለእናንተም ለልጆቻችሁም የሚሆን ነገር አለው። ሰሞኑን በየአካባቢው «ካርቦን ይሸጣል፣ ባለሀብት ለደን ገንዘብ ይሰጣል» የሚል ወሬ ይሰማል። ወሬው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ከፊት የሚቀድምና ከኋላ የሚከተል ነገር አለው። ቅደም ተከተሉን ያላወቀ ሰው ተራራውንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል።

ቅደም ተከተሉን በደንብ የሚያሳየን አንድ የራሳችን አገር ታሪክ አለ፤ የወላይታው የሁምቦ ታሪክ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ በፈረንጅ የሆነ ካለ እነግራችኋለሁ።)

ተራራው እንዴት ተራቆተ?

ሁምቦ በወላይታ ከሶዶ ከተማ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሚገኝ ወረዳ ነው። ከላይ ተራራ፣ ከታች እስከ አባያ ሐይቅ የሚወርድ ሜዳና እርሻ አለ። ተራራው ድሮ በሀገር በቀል ደን የተሸፈነ ነበር። እስከ 1960 ዓ.ም. አካባቢ ግን አብዛኛው ደን አልቆ ነበር። ለማገዶ፣ ለከሰል፣ ለቤት መሥሪያ ተቆረጠ፤ የቀረውን ከብትና ፍየል ጨረሰው። «የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» እንደሚባለው፣ ተራራው አንዴ መራቆት ከጀመረ በኋላ ሁሉም የቻለውን ያህል ወሰደ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ በየአካባቢያችሁ አይታችሁታል። ዝናብ ሲዘንብ የሚይዘው የለም። ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወደ ታች ይወስዳል፤ የታችኛው ማሳ ደለልና ድንጋይ ይለብሳል። ቦረቦሩ በየዓመቱ ይሰፋል። ምንጩ በበጋ ይደርቃል፤ እናቶችና ልጆች ውኃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ። የ1977ቱ ድርቅ ሲመጣ ደግሞ እንዲህ ያለ አካባቢ መጠባበቂያ የሚሆን ነገር አልነበረውም። ዛፍ ያለበት አካባቢ በክፉ ቀን ቢያንስ ቅጠል ለከብት፣ እንጨት ለገበያ፣ ማር ለልጅ ይገኝበታል። የተራቆተ ተራራ ግን ምንም አይሰጥም።

«ይሄ ተራራ የማን ነው?»

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። አባቶቻችን ደን እንደሚጠቅም ሳያውቁ ቀርተው ነው የቆረጡት? አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለውን ደን እዩት። በጎጃምም በጎንደርም ዙሪያው ሁሉ ሲራቆት፣ የደብሩ ወይራ፣ ፅድና ዋንዛ እስከ ዛሬ ቆሟል። ያው ገበሬ ነው፤ ያው ምሣር ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? የደብሩ ዛፍ ባለቤት አለው፣ ደንብ አለው፣ የሚጠብቀውም ሰው ይታወቃል። ተራራው ግን የሁሉም ነው ተባለ፤ የሁሉም ማለት ደግሞ የማንም ሆኖ ቀረ።

ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ እንየው። በ1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። ለብዙ ጭሰኛ ትልቅ ዕረፍት ነበር። ደኑ ግን በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በተለይ ከድርቁ ወዲህ፣ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠራ፤ ብዙ ችግኝ ተተከለ፤ ብዙ ተራራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ተደረገ። ሥራው ከባድ ነበር፤ ገበሬው ጉልበቱን አፍስሶበታል። ግን «ዛፉ ሲደርስ የማን ነው? ሣሩን ማን ያጭዳል?» ለሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ አልተሰጠም። ገበሬው ስንዴውንና ዘይቱን ተቀበለ፤ ዛፉን ግን የመንግሥት አድርጎ አየው።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ምን ሆነ? ጥበቃው በላላባቸው ሳምንታትና ወራት፣ በብዙ ቦታ ያ ሁሉ የተተከለና የተከለለ ደን ተጨፈጨፈ። የተከለው እጅ ራሱ ነው የቆረጠው። ይህ የሚያሳፍር ታሪክ ነው ብለን ብቻ አንለፈው። ትምህርት አለበት፦ የራሱ ያልሆነውን ዛፍ ሰው በፍርሃት ነው የሚጠብቀው፤ ፍርሃቱ በሄደ ቀን ዛፉም ይሄዳል።

መሬት ውስጥ የተቀበረው ደን

አሁን ለጥቂት ጊዜ ከአገራችን ወጥተን ወደ ምዕራብ አፍሪካ፣ ወደ ኒጀር እንሂድ። የሁምቦ ተራራ የለበሰበት ዘዴ የመጣው ከዚያ ነውና።

በ1975 ዓ.ም. አካባቢ ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ በኒጀር ማራዲ በሚባል አካባቢ ይሠራ ነበር። ችግኝ እያፈላ ያስተክላል፤ ችግኙ ግን በአብዛኛው ይደርቃል። ፀሐዩ፣ አሸዋው፣ ፍየሉ አላስቀር አለ። ከዕለታት አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆሞ አንድ ቁጥቋጦ ልብ ብሎ ተመለከተ። ቁጥቋጦ አልነበረም፤ ዛፍ ነበር። ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቆጠ ዛፍ። ሜዳው ሁሉ በእንዲህ ያለ ጉቶ የተሞላ ነበር። በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፤ በየዓመቱ ገበሬው ለእርሻ ይመነጥረዋል፤ ከብት ይበላዋል። ሥሩ ግን ከታች ሕያው ነው።

ሰውዬው ያኔ የገባው ነገር ቀላል ነበር። መትከል ሳይሆን የሚያስፈልገው፣ ያለውን እንዲያድግ መፍቀድ ነው። ከየጉቶው ጥቂት ጠንካራ ቀንበጥ መምረጥ፣ ሌላውን መቁረጥ፣ የተመረጠውን ከሥሩ እየገረዙ ማሳደግ። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ከችግኝ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል፤ ወጪውም ጉልበት ብቻ ነው። ዘዴው ከገበሬ ወደ ገበሬ ተዛመተ። በኋላ ከሳተላይት በተወሰደ ምስል ሲታይ በኒጀር 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በዚህ መንገድ ዛፍ ለብሶ ተገኘ። ሪናውዶም በ2011 ዓ.ም. ለዚህ ሥራው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጠው።

እዚያም ግን ያው የባለቤትነት ጥያቄ ነበረ። በኒጀር በቅኝ ግዛት ዘመን የወጣው ሕግ ዛፍን የመንግሥት ያደርገው ነበር። ገበሬ በራሱ ማሳ ላይ ያለውን ዛፍ ቢቆርጥ ይቀጣ ነበር። ስለዚህ ዛፍ በማሳው እንዲበቅል አይፈልግም ነበር። ዘዴው በስፋት የተዛመተው ገበሬው «ያሳደግሁት ዛፍ የራሴ ነው» ብሎ ማመን ሲጀምር ነው።

ሁምቦ፦ መጀመሪያ ስብሰባ፣ ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ ጉቶ

ሪናውዶ በኋላ ወርልድ ቪዥን ከሚባለው ድርጅት ጋር መሥራት ጀመረ፤ ይህ ድርጅት ደግሞ በሁምቦ ነበረ። በ1990ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ፣ ይህ የጉቶ ዘዴ በሁምቦ ተራራ ላይ ቢሞከርስ የሚል ሐሳብ መጣ። ወጪውን ለመሸፈን ደግሞ አዲስ በር ተከፍቶ ነበር፤ ወደሱ እንመለሳለን።

የሁምቦ ሰው ወዲያው እሺ አላለም። ልክም ነበር። «ተራራውን ከከለልን በኋላ መንግሥት ወይም ሌላ አካል ቢወስድብንስ? ከብቶቻችን የት ይግቡ? ማገዶ ከየት እናመጣለን?» ያለፈውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ውይይት ተደረገ። ውይይቱ ረጅም የሆነው ሰው ስላልገባው አልነበረም፤ የሚያጣው ነገር ስለነበረው ነው።

በመጨረሻ የሆነው እንዲህ ነው። ነዋሪው በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጀ። ማኅበራቱ ሕጋዊ ዕውቅና አገኙ። እያንዳንዱ ማኅበር የሚጠብቀው ደን ድንበሩ ተለካ፤ የመጠቀም መብቱም በሰርተፊኬት ተሰጠው። መተዳደሪያ ደንብ ወጣ፦ ከብት አይገባም፣ ሣር ግን ታጭዶ ይወጣል፤ እርጥብ ዛፍ አይቆረጥም፣ ከግርዘት የሚገኘው እንጨት ግን ለማገዶ ይወሰዳል። ጥበቃ ተመደበ።

ልብ በሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ገና የካርቦን ገንዘብ አልመጣም። መጀመሪያ የመጣው የመብት ወረቀትና የራሳቸው ደንብ ነው።

ከዚያ ወደ ሥራው ተገባ። በአጠቃላይ 2,728 ሄክታር ተከለለ። ከዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላዩ በችግኝ ሳይሆን ከመሬት ውስጥ ካለው ጉቶና ዘር ነው የበቀለው። ችግኝ የተተከለው ጉቶ በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ብቻ ነበር። የተፈላው ችግኝም ሀገር በቀል ነበረበት።

በጥቂት ዓመት ውስጥ ለውጡ ታየ። መጀመሪያ የመጣው ሣሩ ነው። ከብት በማይገባበት ቦታ ሣር ያድጋል፤ የማኅበሩ አባላት እያጨዱ ለከብታቸው ወሰዱ፣ የተረፈውንም ሸጡ። ከዚያ የግርዘት እንጨት ተገኘ፤ ማገዶ ፍለጋ የሚኬደው መንገድ አጠረ። ጎርፉ ቀነሰ። አራዊትና ወፍ ተመለሱ።

ባለሀብቱ ለምን ገንዘብ አወጣ?

አሁን ወደ አዲሱ በር እንመለስ። ይህኛው ክፍል ትንሽ ትኩረት ይፈልጋል።

ዛፍ ሲያድግ ከአየር ላይ የተቃጠለ አየር ይወስዳል፤ በግንዱ፣ በቅርንጫፉና በሥሩ ያከማቸዋል። የደረቀ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። የበለጸጉት አገሮች ፋብሪካና መኪና ደግሞ ይህንኑ አየር ይለቃሉ፤ የአየሩ ንብረት የተዛባው በዋናነት ከዚህ የተነሳ ነው። በ1990 ዓ.ም. በጃፓኗ ኪዮቶ ከተማ አገሮች ተሰብስበው፣ የበለጸጉት የሚለቁትን ጭስ እንዲቀንሱ ተስማሙ። ስምምነቱ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በስምምነቱ ውስጥ አንድ መንገድ ተቀመጠ፦ ባለ ፋብሪካው የሚጠበቅበትን ከፊሉን፣ በድሃ አገር ያለ ሰው ዛፍ አሳድጎ የሰበሰበውን ካርቦን በመግዛት ማሟላት ይችላል።

በዚህ ጊዜ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ የሚባል ገንዘብ ማሰባሰቢያ አቋቋመ። ገንዘቡን ያዋጡት መንግሥታት ብቻ አይደሉም፤ ኩባንያዎችም አሉበት፤ ከነሱም ውስጥ የጃፓን ኩባንያዎች ይገኙበታል። ኩባንያዎቹ ገንዘብ ያወጡት ለጽድቅ ብቻ አይደለም፤ የሚፈልጉት ነገር ስላለ ነው። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። የሚፈልገውን የምታውቁት ገዢ ጋር መደራደር ይቻላል፤ «ልርዳችሁ ብዬ ነው የመጣሁት» ከሚል ሰው ጋር ግን ድርድር ያስቸግራል።

የሁምቦ ሥራ በ2002 ዓ.ም. በመጀመሪያዎቹ ወራት በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ላይ ሰፈረ። በዚህ ዓይነት ስፋት ደን መልሶ በማልማት በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን የሚሆን የተቃጠለ አየር ይሰበስባል ተብሎ ተሰላ። ባዮካርቦን ፈንድ ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን ለመግዛት ተስማማ፤ ቢያንስ በ10 ዓመት ውስጥ ለማኅበራቱ ከ700,000 ዶላር በላይ፣ 726,000 ዶላር ገደማ እንደሚያስገኝ ተገመተ። በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጀመሪያው ክፍያ 34,000 ዶላር ደረሰ። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከ73,000 በላይ የካርቦን ሰነድ ተሰጠ፤ አንዱ ሰነድ አንድ ቶን ማለት ነው።

ይህ ሰነድ እንዲሁ በቃል አይሰጥም። የደኑ ድንበር በሳተላይት መለኪያ ይያዛል። በደኑ ውስጥ ናሙና የሚሆኑ ቋሚ ቦታዎች ይመረጣሉ፤ በነሱ ላይ ያለው ዛፍ በደረት ከፍታ፣ ማለትም ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ፣ ውፍረቱ በየጊዜው ይለካል። ከዚያ ከሻጭም ከገዢም ያልሆነ ሦስተኛ ወገን መጥቶ ያረጋግጣል። ደኑ ቢቃጠል ወይም ቢቆረጥ የተሸጠው ሰነድ ዋጋ ያጣል። ለዚህም ነው በዚያን ጊዜው ሕግ የደን ሰነድ ጊዜያዊ ብቻ የነበረው።

ሌላም ደንብ ነበረው፦ መሬቱ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 መጨረሻ ላይ ደን የነበረበት መሆን የለበትም። ለምን ይመስላችኋል? ሰው ያለውን ደን ቆርጦ «አሁን ላልማ፣ ክፈሉኝ» እንዳይል ነው። ስለዚህ «ቆርጠን እንደገና ብንተክል ይከፈለናል» የሚል ካለ አትስሙት።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ

እንግዲህ ወደ ቁምነገሩ መጣን። 726,000 ዶላር ሲባል ጆሮ ይሞላል። እስቲ እናካፍለው።

ለ165,000 ቶን ስናካፍለው፣ አንድ ቶን 4 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። ለ2,728 ሄክታርና ለ10 ዓመት ስናካፍለው፣ አንድ ሄክታር በዓመት 27 ዶላር ገደማ። በአካባቢው ይኖራል ለተባለው 48,000 ያህል ሰው በነፍስ ወከፍ ብናከፋፍለው ደግሞ በ10 ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 15 ዶላር ነው።

አያችሁ? በካርቦን ገንዘብ ማንም ቤተሰብ አይከብርም። የሁምቦ ማኅበራትም ይህንን ስላወቁ ገንዘቡን በየኪሱ አልበተኑትም። የእህል ወፍጮና የእህል ማከማቻ መጋዘን የመሰለ የጋራ ነገር ሠሩበት። ወፍጮው እናቶችን ከሩቅ መንገድ አዳነ። መጋዘን ያለው ማኅበር ደግሞ እህሉን በመኸር በርካሽ ከመሸጥ ይድናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ታዲያ ትልቁ ገቢ የቱ ነው? ሣሩ ነው። ማገዶው ነው። ማሩ ነው። የማይደርቀው ምንጭና በደለል የማይቀበረው ማሳ ነው። የካርቦኑ ገንዘብ ነገሩን ለማስጀመርና ለመጠበቅ ረዳ፤ ዋናው ትርፍ ግን ተራራው ራሱ ነው። ካርቦኑ ባይሸጥም እንኳ የሚያዋጣ ሥራ ከሆነ ግቡበት። ካርቦኑ ካልተሸጠ የሚያከስር ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ።

ሌላም የባለሀብት መንገድ አለ

ካርቦን ብቸኛው መንገድ አይደለም። ሁለት ሌሎች ምሳሌዎችን ባጭሩ ልንገራችሁ።

በከፋ ሀገር በቀል ደን ውስጥ ቡና እንዲሁ ይበቅላል። አካባቢው በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። የአካባቢው ገበሬዎች በዩኒየን ተደራጅተው የጫካ ቡናቸውን ወደ ውጭ ይልካሉ፤ የጀርመን ቡና ገዢም ይህንን ቡና የጫካ ቡና ብሎ በስሙ ይሸጠዋል። ቡናው የዛፍ ጥላ ይፈልጋል፤ ዛፉ ከተቆረጠ ያ ቡና የለም። ስለዚህ ገዢው ቡና ሲገዛ ለደኑም እየከፈለ ነው፤ ገበሬውም ዛፉን የሚጠብቅበት የራሱ ምክንያት አለው።

በባሌና በአርሲ በኩል ደግሞ አዳባና ዶዶላ አሉ። በ1992 ዓ.ም. አካባቢ በጀርመን ድጋፍ ዋጂብ የሚባል አሠራር ተጀመረ፤ ስሙ በኦሮምኛ የደን ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ አይበልጥም፤ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ደን ተብሎ ተሰላ። ለምን 30 ብቻ? እርስ በርስ የሚተዋወቅ ሰው እርስ በርስ ይጠባበቃል፤ ሌባውም ይታወቃል። በዚያው አካባቢ ጎብኚን በፈረስ ተራራ የማዞር ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ ፈረስ አከራዩም አስጎብኚውም የአካባቢው ሰው።

በሦስቱም ቦታ አንድ ነገር ይመሳሰላል። ገንዘቡ የመጣው የታወቀ ድንበር፣ የታወቀ አባልና የታወቀ ደንብ ወዳለበት ነው። ገንዘብ የሚያፈስ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከማን ጋር ነው የምዋዋለው?» ብሎ ነው።

ተራራ ሲከለል ከሳሪው ማን ነው?

ይህንንም ሳንናገር ማለፍ የለብንም። ተራራ ሲከለል ሁሉም እኩል አይጎዳም። ሦስት በሬና ሰፊ ማሳ ያለው ሰው ተራራው ቢዘጋ ብዙም አይቸገርም። መሬት የሌለው ወጣት፣ በአምስት ፍየል የምትተዳደር ባልቴት፣ እንጨት ለቅማ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ግን በማግስቱ ይራባሉ። ደንቡን የሚያወጣው ስብሰባ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው የመጀመሪያው ሰው ነው።

እነዚህ ሰዎች ካልታሰቡ ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ በሌሊት ይገባሉ፤ ወይ እንጨቱን ከሌላ ተራራ ይቆርጣሉ። በሁለቱም መንገድ ደን ይጠፋል። ስለዚህ ለምሳሌ ሣሩን ስታከፋፍሉ መሬት ለሌለው ቅድሚያ ስጡ፤ ለጥበቃ ሥራ ወጣቱን ቅጠሩ፤ ንብ ማነቡን ለወጣት ማኅበር ስጡ፤ በኮሚቴው ውስጥ ሴቶች ይኑሩ። ይህ ቸርነት አይደለም፤ የደኑ አጥር ነው።

ዛሬ ላይ፦ ከመፈረማችሁ በፊት

ሁምቦ ሲጀመር የማኅበረሰብ ደን የሚባል ነገር በፌዴራል የደን ሕጋችን ውስጥ ራሱን ችሎ አልሰፈረም ነበር። አሁን ሰፍሯል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 አራት ዓይነት የደን ባለቤትነት ያውቃል፦ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት። ይህ ማለት እናንተ ዛሬ የሁምቦ ሰው ካስነሣው ጥያቄ ቀድማችሁ መልስ ይዛችሁ መነሣት ትችላላችሁ ማለት ነው።

አንድ ኩባንያ፣ ድርጅት ወይም ደላላ ስለ ካርቦን ወይም ስለ ደን ውል ይዞ ቢመጣ፣ አሻራ ከማድረጋችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ደኑ በማን ስም ነው? የማኅበራችሁ የመብት ሰርተፊኬት ከሌለ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ወረዳው የተፈጥሮ ሀብት ወይም የደን ክፍል ይህን ያውቃል።

2. ውሉ ለስንት ዓመት ነው? 30 ዓመት ማለት ዛሬ የተወለደ ልጅ ጎልማሳ ሆኖ የሚያስረው ውል ነው። ለልጆቻችሁም ጭምር እየፈረማችሁ መሆኑን አትርሱ።

3. ከአንድ ቶን ዋጋ ለማኅበሩ የሚደርሰው ስንት ነው? ለመለካት፣ ለማረጋገጥና ለአማካሪ የሚቀነሰውስ? በቁጥር ይጻፍ፤ «በኋላ እናያለን» አይባል።

4. ሣር ማጨድ፣ ማገዶ መልቀም፣ ቀፎ መስቀል፣ መድኃኒት መቁረጥ ይቻላል? የተፈቀደው ሁሉ በስሙ ይጻፍ።

5. ደኑ ቢቃጠል ኪሳራው የማን ነው?

6. ውሉ በምንረዳው ቋንቋ አለ? ቃለ ጉባኤ ተይዞ በጠቅላላ ጉባኤ ተነቧል? ኮሚቴው ብቻ ፈርሞ የሚያልቅ ውል ኋላ ጠብ ያመጣል።

ከክረምት በፊት የሚጀመር ሥራ

ባለሀብት እስኪመጣ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። የተራራችሁን ጉቶ ቁጠሩ። ወይራ፣ ብሳና፣ አባሎ፣ ብዙው የግራር ዓይነት ከተቆረጠ በኋላ ያቆጠቁጣል። ፅድ ግን አንዴ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም፤ እሱን በዘር ወይም በችግኝ ነው መመለስ የሚቻለው። ዘሩን ደግሞ ከአጥቢያችሁ ደብር ዛፎች ሥር አስፈቅዳችሁ መልቀም ትችላላችሁ።

ከአንድ ጉቶ ከ3 እስከ 5 የሚሆኑ ቀጥ ያሉና ጠንካራ ቀንበጦችን ምረጡ፤ ሌላውን አስወግዱ። የተመረጠውን ከታች እስከ ቁመቱ ግማሽ ድረስ ብቻ ገርዙ፤ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ይዳከማል። በተሳለ መሣሪያ፣ መጀመሪያ ከሥር ወደ ላይ ትንሽ ጠረብ አድርጋችሁ፣ ከዚያ ከላይ ቁረጡ፤ ልጡ እንዳይገፈፍ ነው። በጥቂት ወራት ተመልሳችሁ አዲስ የወጣውን አጥሩ። ከሁሉም በላይ ልቅ ግጦሽን አቁሙ፤ ፍየል የገባበት ጉቶ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ክንድ አያልፍም።

ባሕር ዛፍ አትትከሉ እያልኩ አይደለም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ማገዶና ማገር ሆኖ አገልግሎናል፤ ለብዙ ቤተሰብም ጥሩ ብር ነው። ቦታው ግን የግል ማሳ ዳርቻ እንጂ የምንጭ ራስና የወል ተራራ አይደለም። ለምንጩ፣ ለንቡና ለሣሩ የሚሆነው ሀገር በቀሉ ነው።

የሁምቦ ሰው ተራራውን ያለበሰው አዲስ ነገር አምጥቶ አይደለም። ሥሩ ከታች ነበረ፤ ገበሬውም ነበረ፤ ጉልበቱም ነበረ። የጎደለው «ይህ የእኛ ነው» የሚል ወረቀትና «እንዲህ እንጠቀምበታለን» የሚል ስምምነት ነበር። እሱ ሲሟላ ጉቶው በራሱ አቆጠቆጠ፤ ባለሀብቱም ከኋላ መጣ።

በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ይነሣና «የእኛ ተራራ በማን ስም ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ከዚያ ይጀመራል። ይህንን ጽሑፍ ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁ አንብቡለት፤ በየአካባቢያችሁ ያቆጠቆጠ ተራራ ካለም ጻፉልን፣ ሌሎች እንዲማሩበት።